ውሃ ያለማጠጣት ሥራ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክሊኒካችን ሠራተኞች ኬክ ቆርሰው፣ አጨብጭበው፣ በወርቃማ ማሰሮ የተተከለ አበባ አስታቀፉኝ። ዝቅ ብዬ ሳሸተው ፕላስቲክ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ተክል ስትንከባከብ ለኖረች ሴት የፕላስቲክ አበባ። ደግሞ እኮ በክፋት አይደለም፤ «እንግዲህ እትዬ ብርቄ ይረፉ፣ ይቺ ውሃ አምጪ አትልዎትም» ብለው በፍቅር ነው የሰጡኝ። ስቄ ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ። ቤት ወስጄ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ አቧራዋን እጠርግላታለሁ። እጄ ስለለመደ ነው እንጂ እንዳልወደድኳት እሷም ታውቃለች።

ሥራዬን ስናገር ሰው ይስቃል። የቤት ውስጥ ተክል ውሃ ማጠጣት ደግሞ ምን ሥራ ነው ይሉኛል፤ ጣሳ ሞልቶ መድፋት ማንን ያቅተዋል። ማንንም ስለማያቅተው እኮ ነው ተክል የሚያልቀው። በኔ ዕድሜ ጠምቶት የሞተ የቤት ተክል ያየሁት ጥቂት ነው፤ የቀረው ሁሉ የሞተው ጠግቦ ነው። የሚደፋበት ሰው ደግሞ የሚደፋው አዝኖለት ነው። ቅጠሉ ጠውለግ ሲል ሰው አንጀቱ አይችልም፣ ያጠጣዋል። ተክሉ ግን ሥሩ ሲበሰብስም የሚጠወልገው ልክ እንደጠማው ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ይደገምለታል። ይሄን ያስተማሩኝ ጋሽ በየነ ናቸው። ዛሬ እስክሪብቶ ያነሳሁትም በሳቸው ምክንያት ነው።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጉለሌ፣ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ በጽዳት ነው። ቢሮው ረጅም ኮሪደር ነበረው፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ቀኑን ሙሉ ያፏጭበታል። ግራና ቀኙን ተክል ሞልቶታል፤ ዘንባባው፣ ፈርኑ፣ ጎማ ዛፉ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ባለ ነጠብጣብ ቅጠሉ። የዚያ ሁሉ ኃላፊ ጋሽ በየነ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ቡናማ ካፖርታቸውን በጋም ክረምትም የማያወልቁ ሰው። ንግግር ሲያወጡ እንኳን እንደ ውሃው ቆጥበው ነው። እኔ ደግሞ ያኔ አፌ አያርፍም፤ ስወለውልም አወራለሁ፣ ስበላም አወራለሁ።

አንድ ጠዋት ኮሪደሩን ጨርሼ ንጹህ ውሃ በባልዲ ተርፎኛል። የአንዷ ዘንባባ ቅጠል ጫፉ ደርቆ አየሁና አሳዘነችኝ፣ ደፋሁላት። ቀና ስል ጋሽ በየነ ቆመው ያዩኛል። ማሰሮዋን ዘመም አድርገው የደፋሁትን ውሃ አንጠፈጠፉት። ቀጥለው የኔን ጣት ያዙና እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ከተቱት።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እርጥብ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ጠየቀሽ?»

በጣም ተናደድኩ። ጓደኞቼ ሁሉ እያዩ ነው፤ አንዷማ አፏን በመወልወያው ጨርቅ ይዛ ትስቃለች። ብዙ ቀን ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። ነገር ግን ጉድ ሆኜ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላ ማሰሮ ባየሁ ቁጥር ጣቴን ሳልከት ማለፍ አልችልም። ዘንባባዋን እነካታለሁ፣ ገና እርጥብ ናት፤ በማግስቱ እነካታለሁ፣ ገና ናት። በመጨረሻ ደርቃ ያገኘኋት ቀን ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው፣ ኩርፊያዬንም እዚያው ረሳሁት። ጋሽ በየነም ሥራ አስኪያጁን ለመኑና የጽዳት ሰዓቴን ግማሽ ከሳቸው ጋር እንድሠራ አስፈቀዱ።

የሰውየው አሠራር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ። መጀመሪያ ውሃ አይዙም፤ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ተክሉን ሁሉ አንድ ዙር ይጎበኙታል። የሸክላ ማሰሮ የሆነውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል። ደረቅ ከሆነ ሸክላው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ እርጥብ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። የፕላስቲክ ማሰሮ ከሆነ ግን ብድግ አድርገው ክብደቱን ነው የሚሰሙት። ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ውሃ የሚያነሱት፣ እሱም ለጠየቀው ብቻ። «ደሞዝ የሚከፈለን ውሃ ለማጠጣት አይደለም፤ ላለማጠጣት ነው» ይሉኝ ነበር። ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ውሃውም ቢሆን ዝም ብሎ ከቧንቧ አይቀዳም። ማታ በባልዲ ይቀዳና ክዳኑ ተከፍቶ ያድራል፤ የተጨመረበት መድኃኒት ሽታው ይወጣለታል፣ ቅዝቃዜውም ይሰበርለታል። ጉለሌ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ደግሞ ሮቶው ባዶ የሆነ ቀን እንዳንዋረድ ሁልጊዜ ጀሪካን ተሞልቶ ይቀመጣል። ሲያጠጡ መሃሉ ላይ አይደፉም፤ ዳር ዳሩን ቀስ እያሉ፣ ከሥር እስኪወጣ። ከዚያ ይጠብቁና ከሥሩ ባለው ሳህን የተጠራቀመውን ያፈሱታል። እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያደረ ሰው ጤና አይኖረውም ይላሉ። ሐምሌ ሲገባ፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱ ላይ ሲተኛ፣ ማጠጣቱን ከሞላ ጎደል ይተዉታል። የኔን እጅ እያዩም «ኪስሽ ክተቺው» ይሉኛል።

ከሰው ጋር ያላቸው ብልሃት ደግሞ ከተክሉ ይብስ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ቢሮው እንደገባ ከዘንባባው ሥር ያለውን ሳህን ያያል፤ ውሃ ከሌለበት «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ይላል። ጋሽ በየነ አልተከራከሩትም። ከመግባቱ በፊት ሳህኑ ላይ ጥቂት ውሃ ጣል ያደርጋሉ፤ አይቶ ሲደሰት ጠብቀው ለስብሰባ ሲወጣ ይደፉታል። «ይሄን ያጠጣሁት ተክሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው» ይሉኛል። ጸሐፊዋ ደግሞ የተረፋትን ሻይ ከነስኳሩ ፈርኑ ላይ ትደፋ ነበርና ጉንዳን ተሰልፎ ጠረጴዛዋ ድረስ ወጣ። እኔ ልጮህባት ስል ያዙኝና ሄደው «ልጄ፣ ይቺ ስኳር አለባት፣ ሐኪም ከልክሏታል» አሏት። ልጅቷ እስኪያማት ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህም ደግማ አልደፋችም።

ፋብሪካው ተሸጦ ቢሮው ሲዘጋ ተበታተንን። እኔ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ስጠርግ ቆየሁ። ጋሽ በየነ ግን ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ገቡና ብዙም ሳይቆዩ አስጠሩኝ። ደሞዙ ከፋብሪካው ትንሽ ይሻላል። የቅጥር ወረቀቴ ላይ እስከ መጨረሻው «ጽዳት» እንጂ «አትክልተኛ» የሚል ቃል አልገባልኝም፤ ተጨቃጭቄ ተጨቃጭቄ ተውኩት። ግቢው ግን ገነት ነበር። ጽጌረዳ አለ፣ ሣር አለ፣ በአጥሩ ጥግ እሬት አለ። አስታማሚው ሁሉ ሣሩ ላይ ነጠላውን አንጥፎ ወረፋውን ይጠብቅ ነበር።

እዚያ ሳለን ነው የጋሽ በየነ ባለቤት፣ እትዬ አስካለ ያረፉት። ቤታቸው ቁስቋም፣ ከቤተክርስቲያኑ ሥር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ታመው ነበር። አርባቸው ከወጣ በኋላ ጋሽ በየነ በሁለት ሰው አሸክመው አንድ ጋን ወደ ክሊኒኩ አመጡ። እትዬ አስካለ ለበዓል ጠላ ይጠምቁበት የነበረ ጋን ነው። አንገቱ ሲሰበር አይጣልም ብለው ከሥሩ በሚስማር ቀዳዳ አስፈልፍለው ጎማ ዛፍ ተክለውበታል። ቅጠሏ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቷ ያኔ እስከ ደረቴ ነው። ጋሽ በየነ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ሲያዩዋት አላስችል ስላላቸው ሰው መሃል ትሁን ብለው ነው ያመጧት። ታካሚዎች የሚጠብቁበት አዳራሽ፣ ትልቁ መስኮት ጋ አስቀመጥናት።

ቦታው ተስማማት። ዓመት እያለፈ ጣሪያውን ነካች። ጋሽ በየነ ጠዋት ጠዋት ዙራቸውን ሲጨርሱ መጨረሻ እሷ ጋ ይመጣሉ፤ ጋኑን ያንኳኳሉ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፣ ከዚያ አንዷን ቅጠል በመዳፋቸው ጠርገው ያልፋሉ። እኔም ሥራ እየሠራሁ በመምሰል አያቸዋለሁ።

ከጊዜ በኋላ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። በመጨረሻም ሥራውን ለቀቁ። የመጨረሻ ቀናቸው አስጠሩኝና ጋኑ አጠገብ ቆምን። ቤት ልውሰዳት ቢሉ በሩ አያስገባትም፣ ብትገባም መስኮታቸው ጠባብ ነው።

«ብርቄ፣ ይቺ አደራሽ ናት» አሉኝ። «ሌላው ቢሞት ሌላ ይተከላል። እሷን ግን እንዳትገድይብኝ።»

በቁስቋም ማርያም ምዬ ተቀበልኩ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲቀበል ከባድነቱ ወዲያው አይታወቀውም።

ለብዙ ጊዜ ሁሉ ነገር ደህና ሄደ። ለዓይናቸው ሕክምና ጳውሎስ በመጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ፤ ያንኳኳሉ፣ ቅጠሉን ይዳስሳሉ፣ «እግዜር ይስጥሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ከዚያ ሐኪሙ፣ ማለቴ የክሊኒኩ ባለቤት፣ የመኪና ማቆሚያ ጠበበን ብሎ ግቢውን ሲሚንቶ አስደፋው። እውነቱን ነው፣ ለታካሚ ማውረጃ እንኳን ቦታ አልነበረም። ግን ጽጌረዳዎቼ ሲነቀሉ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሣሩ ሄደ፣ እሬቱ ሄደ፣ ደረጃው ሴራሚክ ሆነ። ደግነቱ የጋሽ በየነ አደራ አዳራሹ ውስጥ ናት፣ ማንም አይነካት ብዬ ተጽናናሁ።

በዓመቱ የጎማ ዛፏ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነና ወደቀ። አንድ ቅጠል ምንም አይደለም ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ሌላ ወደቀ። ጋኑን ሳንኳኳ ድምፁ ታፍኗል፤ ጣቴን ስከት አፈሩ ጭቃ ነው። እኔ ደግሞ ካጠጣኋት ሰንብቻለሁ። ማን ነው? ጽዳቶቹን ጠየቅኩ፣ ማሉልኝ። ዘበኛውን ጠየቅኩ፣ ተቆጣኝ። ለጊዜው ከሁሉም ጋር ተኳረፍኩ። ዋና ነርሷ ሲስተር ሰናይት፣ ወጣት ናት ግን ሰው ታውቃለች፣ «እባክዎን ውሃ አያጠጡ» የሚል በኮምፒውተር ጽፋ ጋኑ ላይ ለጠፈችልኝ። አፈሩ ያው ጭቃ ነው።

ስለዚህ አንድ ጠዋት ጋውኔን አውልቄ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ እንደ ታካሚ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳልቆይ ልጅ የታቀፈች እናት ገባች። ከእንጦጦ ጠበል ስትወርድ እንደሆነ ጫማዋ ላይ ካለው ቀይ ጭቃ ያስታውቃል። ለልጇ ከጠርሙስ የመጨረሻውን አጎነጨችው፣ ግንባሩን አበሰችው። ከዚያ ተነስታ ወደ ጋኑ ሄደች፣ አማተበች፣ የቀረውን አንጠፍጥፋ አፈሰሰችበት። ጽሑፉ አፍንጫዋ ሥር ነው።

ብድግ ብዬ «እህቴ፣ ውሃ አያጠጡ ይላል እኮ» አልኳት።

«ውሃ አይደለም እናቴ፣ ጠበል ነው» አለችኝ፣ ግራ እንደተጋባች። «የት ልድፋው? ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ ቤቱ ሴራሚክ ነው። እግር የማይረግጠው አፈር ይሄ ብቻ ነው።»

እኔም እኮ ያደግኩት የተረፈ ጠበል ሰው በሚረግጠው ቦታ አይፈስም እየተባልኩ ነው። ሣሩና ጽጌረዳው ሳሉ ሁሉም እዚያ ሥር ያፈስስ ነበር፤ ልብ ብዬው አላውቅም። አሁን የግቢው አፈር ሁሉ ተሸፍኖ የቀረችው አንዲት ጋን ናት። ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት፣ ሁሉም በአክብሮት። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ዘይነባ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ይሄን ስነግራት አንገቷን ደፋች። ለካ እሷም አማቷ ተኝተው ሳለ ቁርአን የተቀራበት ውሃ ሲተርፋት እዚያው ነበር የምታፈሰው።

እንግዲህ ማንን ልቆጣ? የታመመ ልጅ የታቀፈችን እናት ጠበልሽን ይዘሽ ውጪ ልበላት? ባልዲ አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ «ባልዲው ኋላ የት ሊደፋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሼ አነሳሁት። አፈሩን ልቀይር ብዬ ሰው ለምኜ ጋኑን አጋድመን አወጣናት። ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል፣ ሲነኩት ይላጣል። የበሰበሰውን ቆረጥኩ፣ አሸዋ ያለው አዲስ አፈር ሞላሁ። ቅርንጫፍ ቆርጬም ለብቻ ተከልኩ። ግን ሐምሌ ነው፤ የጉለሌ ሐምሌ ደግሞ ለደህናውም አይሆን። ቅርንጫፉ አልያዘም። እሷም ቅጠሏን አንድ በአንድ አራግፋ ግንዷ ብቻውን ቆሞ ቀረ። መስከረም ሲጠባ በጥፍሬ ስፍቀው ውስጡ ቡናማ ነው። እንደ ሰው አለቀስኩላት። ብዙ ተክል ሞቶብኛል፤ አደራ ግን ሞቶብኝ አያውቅም ነበር።

ሲስተር ሰናይት አዘነችልኝና ሐኪሙን አስፈቅዳ እንደሷ ያለች ትልቅ የፕላስቲክ ጎማ ዛፍ አስገዛች። ባዶው ጋን እንዳያስለቅሰኝ ብላ እዚያው ውስጥ፣ አፈሩ ላይ አስተከለቻት። «እትዬ ብርቄ፣ የጋሽ በየነ ዓይን እንደሆነ ደክሟል፤ አረንጓዴነቷን ካዩ ይበቃቸዋል፣ አያሳዝኗቸው» አለችኝ። ክፉ ልብ የላትም። እኔ ግን ዓይናቸው ተክል አይቶ አያውቅም፣ የሚያዩት በጣታቸው ነው ብዬ መደበቁን እምቢ አልኳት። ራሴ ቁስቋም ወጥቼ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዛሬ እወጣለሁ፣ ነገ እወጣለሁ ስል እግሬ ዳገቱን ፈርቶ ቀረ።

እሳቸው ቀደሙኝ። አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው እጃቸውን ይዞ ከበሩ አስገባቸው። ያው ካፖርት፣ ያው ዝምታ። ደርሼ ሰላም ስላቸው ጉንጬን ስመው ቀጥታ ወደ መስኮቱ አመሩ፤ መንገዱን ዓይን አያስፈልጋቸውም። ጋኑን አንኳኩ። ታፈነ።

«ጠግባለች» አሉ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ቅጠሉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ያዙና ቆዩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየን መሰለኝ። ሲስተር ሰናይት ከካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይቺ ውሃ አትጠጣም፣ ብርቄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲሚንቶውን፣ ጽሑፉን፣ ልጅ የታቀፈችውን እናት፣ የጠቆረውን ሥር። ሲበዛባቸው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ካፖርታቸው መነቅነቅ ጀመረ። ለካ ይስቃሉ። ስቀው ስቀው ሲጨርሱ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እኔ አልለየሁም።

«አስካለ ስትታመም ጠበሏ ሲተርፍ እኔስ የት ነበር የማፈሰው?» አሉኝ። «እዚሁ ጋን ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ ሳያት አላስችል ያለኝ ለምን ሆነና። የአንድ ሰው አይገድላትም ነበር። የአገሩን ሁሉ ብቻዋን ተሸከመች።»

እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ። ያን ጊዜም አንድ እናት መጥታ በጠርሙሷ የቀረውን በፕላስቲኳ ዛፍ ሥር አፈሰሰች። ጋሽ በየነ ድምፁን ሰሙት። ጋኑ ቀዳዳው ተደፍኖ ከአፉ ደርሷል፣ ውሃው ሞልቶ ወደ ሴራሚኩ ወረደና እግር ይረግጠው ጀመር። እናትየዋ ደነገጠች፣ በነጠላዋ ጫፍ ለመጥረግ ተንበረከከች። ጋሽ በየነ ይህን ሁሉ በጆሯቸው ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እሷን ተያት፣ ሄዳለች» አሉኝ። «ለነዚህ ሰዎች አፈር ፈልጊላቸው።»

ቀላል አልነበረም። ሐኪሙ የመኪና ቦታውን እንዳልነካበት ብሎ መጀመሪያ አልሰማኝም። እኔም አልለቀቅኩትም፤ ሲገባ አለሁ፣ ሲወጣ አለሁ። ሲስተር ሰናይት አገዘችኝ፤ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውሃ ሰው ያዳልጣል ብላ ነገረችው። በመጨረሻ ከዋናው በር ጎን፣ ለቧንቧ ጥገና የተቆፈረና ሲሚንቶው የተሰነጠቀ ጥግ ፈቀደልን። ዘይነባ ዶማ ከነቆፋሪው ላከች። «አብሽሪ፣ እኛም የሚተርፈን ውሃ አለ» አለችኝ፣ ቆፋሪውንም ራሷ ስትቆጣው ዋለች።

ጋሽ በየነ ከግቢያቸው አንዲት ለጋ ወይራ በላስቲክ ይዘው ወረዱ። ወይራ ሥሯን ወደ ታች ትሰዳለች፣ ቁልቁለቱም የተረፈውን ያወርድላታል አሉኝ። ጋኑን ባዶ አድርገን አወጣንላቸው። ለመጨረሻ ጊዜ አንኳኩት፤ ደርቆ ስለነበር ጥርት ብሎ ጮኸ። «ስበሩት» አሉ። እኔ አልቻልኩም፣ ዘይነባ ሰበረችው። ገሉን ጉድጓዱ ሥር ደለደልነው፣ ውሃው እንዳይተኛ። አፈሩን ጋሽ በየነ ተንበርክከው በእጃቸው ጠቀጠቁት፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈለጉም። ዙሪያዋን በድንጋይ ከበብናት፣ እግር እንዳይገባ። የመጀመሪያውን ጠበል ያፈሰሰችው ማን እንደሆነች አላውቃትም፤ ወረፋዋን ጥላ የመጣች ሴት ናት።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ወይራዋ የአጥሩን ቁመት አለፈች። አዳራሹ ውስጥ ዛሬ ያለው ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ለጽዳት ይመቻል፣ አልፈርድም። እኔን የተካኝ ሰው የለም፣ የሚጠጣ ነገር ስለሌለ። አንዳንዴ ይህ ያናድደኛል፤ ጣቴን አፈር ውስጥ ከትቼ የተማርኩትን ሁሉ ለማን ልስጠው እላለሁ። የጎረቤቶቼን ጀራንየም እየዞርኩ ስነካካ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ጀራንየማቸው ግን አማረ።

ጋሽ በየነ ያረፉት ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ቁስቋም ቀበርናቸው፣ ከእትዬ አስካለ አጠገብ። ጥር ላይ ጎረቤታቸው ቤቱን ሲያጸዳ ከአልጋቸው ራስጌ ግማሽ ድረስ ጠበል ያለበት ጠርሙስ አገኘና ምን ላድርገው ብሎ ደወለልኝ። እዚያው ቤተክርስቲያኑ ግቢ ማፍሰስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ሄጄ ተቀበልኩትና በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ክሊኒኩ በር ላይ ዘበኛውም የካርድ ክፍሏ ሠራተኛም አዲስ ናቸው፣ ማንም አላወቀኝም። ጠርሙሱን ይዤ ቆም ስል አንዲት ወጣት አስታማሚ አየችኝና ወደኔ መጣች።

«እናቴ፣ ጠበል ተርፎዎት ነው?» አለችኝ። «እዚህ ወይራዋ ሥር ነው የሚፈሰው። ከድሮ ጀምሮ ቦታው ይሄ ነው።»

እግዜር ይስጥሽ ልጄ አልኳት። ከድሮ መባሉን ወደድኩት። ድንጋዩን ይዤ ቀስ ብዬ ተንበረከክኩ፣ ጣቴንም እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። የጥር ፀሐይ መጥጦታል፤ ደርቆ ይፈረፈራል።

«ጠይቃለች ጋሼ» አልኩና ዳር ዳሩን፣ ቀስ እያልኩ፣ ጠብታ ሳላስቀር አፈሰስኩላት።